ወንድ ውሻ እግሩን አንስቶ፣ ሴቷ ቁጢጥ ብላ የሚሸኑት ለምንድን ነው?

የግቢው ሰው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ውሾች ናቸው፤ የሐበሻና የጀርመን ሼፐርድ ቅልቅል፣ ዘጠኝ ወራቸው ነው፣ ሁለቱም እንዳይወልዱ ኦፕራሲዮን አልተደረጉም። ወንዱ እስካሁን እግሩን አንስቶ አያውቅም። የኋላ እግሮቹን ወደኋላ ዘርጋ፣ ደረቱን ወደፊት ገፋ አድርጎ እዚያው በቆመበት ይሸናል። ሴቷ እንደ ወጉ ቁጢጥ ትላለች፤ ሰሞኑን ግን የውጭው በር አጠገብ ስትደርስ አንድ የኋላ እግሯን ከመሬት ትንሽ ታነሳና ጠብ ጠብ አድርጋ ትሄዳለች።

ዘበኛው «እግሩን ያላነሳ ወንድ ለጥበቃ አይሆንም» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ማንሳት ሳይጀምር ካኮላሻችሁት ከነጭራሹ አይጀምርም፣ የበራችሁም ብረት ከዝገት ይድናል» ብሎናል። የትኛው ነው እውነት? ከሁሉ በፊት ግን መሠረቱን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የሁለቱን አቋቋም የለየው የአካላቸው አሠራር ነው ወይስ ጠባይ?

ሳቂታው

ድሮ ለሽንት የቆመ አንድ ወንድ ውሻ ግንብ ተንዶበት ሞተ አሉ። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሁሉ ግድግዳውን በአንድ እግሩ ደግፎ ነው የሚሸናው። በቃ፣ ተመለሰ። አሁን የሚያውቅ ሰው ይምጣ።

ቬት ከቢሾፍቱ

ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ተጠቅልሏል፤ ለየብቻ ቢታይ ይቀላል። አንዱ ፊኛን ባዶ ማድረግ ነው፣ ሌላው ሽታ ማኖር። የአካል አሠራር ብዙ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ነው። እግር ማንሳት ግን በአብዛኛው የሁለተኛው ሥራ ነው።

ከአካሉ እንነሳ። የሴቷ የሽንት ቱቦ አጭርና ሰፋ ያለ ነው። ከፊኛው ተነስቶ በብልቷ መግቢያ ወለል ላይ ይከፈታል። ብልቷ ከፊንጢጣዋ በታች፣ በኋላ እግሮቿ መካከል ወደኋላና ወደታች ዞሮ ነው ያለው። ቀጥ ብላ ቆማ ብትሸና ሽንቱ በጭኖቿ ፀጉር ላይ ይወርዳል። ቁጢጥ ስትል ዳሌዋ ወደ መሬት ይቀርባል፣ ጉልበቶቿ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ጅራቷ ይነሳል፤ ሽንቱም ሌላ ነገር ሳይነካ መሬት ላይ ይወድቃል።

የወንዱ ቱቦ ረጅም ነው፤ መንገዱም ጠመዝማዛ። ከፊኛው አንገት ተነስቶ በፕሮስቴት ዕጢ መሃል ለመሃል ያልፋል፣ ከዳሌው አጥንት ኋላ ታጥፎ ወደፊት ይመለሳል፣ ከዚያ በብልቱ አጥንት ሥር ባለች ቦይ ውስጥ ይሄዳል። ውሻ በብልቱ ውስጥ አጥንት አለው፤ በትልልቅ ዝርያዎች 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። መውጫው ሆዱ ሥር ሆኖ ወደ እምብርቱ ያመለክታል። ስለዚህ ሽንቱ የሚፈሰው ወደፊትና ወደታች ነው። ይህ ውሻ እንደ እህቱ ዝቅ ብሎ ቁጢጥ ቢል የገዛ ሆዱንና የፊት እግሮቹን ያረጥባል። የእናንተው ወንድ የሚያደርገው የኋላ እግርን መዘርጋትና ወደፊት ዘንበል ማለት የዚህ መፍትሔ ነው፤ ሆዱ ከፍ ይልና ሽንቱ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አካሉ ቁጢጥ እንዳይል ያደርገዋል እንጂ እግሩን እንዲያነሳ አያስገድደውም። ዘንበል ብሎ የሚሸና ወንድ ፊኛውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ማፍሰስ ይችላል። አድጎ እግር ማንሳት የለመደውም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶበት ጠዋት ሲለቀቅ አንዳንዴ ግንድም ግድግዳም ሳይፈልግ ባለበት ዘንበል ብሎ ይሸናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በላብራቶሪ ቢግል ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት የሽንት አቋቋሞችን በዝርዝር ቆጥሮ 12 ዓይነት አግኝቷል። መቆም፣ ዘንበል ማለት፣ ቁጢጥ ማለት፣ እግር ማንሳት፣ ቁጢጥ ብሎ እግር ማንሳት፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ በፊት እግር ቆሞ የኋላውን ሽቅብ መስቀል ጭምር አለበት። «ወንድ ያነሳል፣ ሴት ትቀመጣለች» የሚባለው የሚበዛውን ነው የሚነግረን።

ወደ ዕድሜው ስመጣ፦ አራስ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በራሱ አይሸናም፤ እናቲቱ ብልቱንና ፊንጢጣውን ስትልሰው ነው የሚለቅቀው። ከዚያ በኋላ ወንዱ ዘንበል፣ ሴቷ ቁጢጥ እያሉ ይቀጥላሉ። እግር ማንሳት በብዙዎቹ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ትልልቅ ዝርያዎች ዓመት ሊያልፋቸው ይችላል። በ9 ወሩ ያላነሳ የሼፐርድ ቅልቅል ምንም አልጎደለውም። ሲጀምርም አንድ ቀን ተነስቶ እንደ አዋቂ አያደርገውም። መጀመሪያ እንጨት አጠገብ ይቆምና ተረከዙን ብቻ ከፍ ያደርጋል፣ ሚዛኑን ይስትና የፊት እግሩ ላይ ይሸናል፣ ወይም ከግንዱ የራቀውን እግር ያነሳና ሽንቱን ሜዳው ላይ ይደፋል። በጥቂት ሳምንት ይስተካከላል።

ከጥበቃ ችሎታ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ለዘበኛው ሰላምታ አድርሱልኝ።

ሽታ ተከታይ

ቬቱ ያቆሙበት ላይ ልቀጥል፤ ሁለተኛው ጉዳይ ነው የሚጣፍጠው።

ለውሻ ሽንት መልእክት ነው። የጾታውን፣ ያለበትን ሁኔታ፣ መቼ እንዳለፈ ሌላው ውሻ አሽትቶ ያነባል። መልእክቱ መሬት ላይ ከወደቀ ይረገጣል፣ አቧራ ያለብሰዋል፣ አፈሩ ይመጠዋል። ቀጥ ብሎ በቆመ ነገር ላይ፣ በሚያልፈው ውሻ አፍንጫ ቁመት ላይ ከተረጨ ግን ሳይፈለግ ይገኛል፣ ሽታውንም ነፋስ ይወስድለታል። እግሩ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ የሽንቱን አቅጣጫ ከወደታች ወደ ጎንና ወደ ላይ ለማዞር። መጠኑን ብታዩ ይገባችኋል። ለፊኛው ሲሸና ሽንቱ ሳይቋረጥ ብዙ ሰከንድ ይፈሳል፤ ምልክት ሲያኖር ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ትወጣና ይሄዳል፣ አሥር ሜትር ሳይርቅ ሌላ ይደግማል። ፊኛው ካለቀበትም በኋላ በደረቁ እግሩን ማንሳቱን አይተውም።

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ቤቲ ማክጋየርና ባልደረቦቿ በመጠለያ ያሉ ወንድ ውሾችን በቪዲዮ እየቀረጹ እግራቸው የሚነሳበትን ማዕዘንና ሽንቱ የሚያርፍበትን ከፍታ ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ሥራ ትንንሾቹ ውሾች ከትልልቆቹ ይልቅ እግራቸውን በሰፊ ማዕዘን እንደሚያነሱ ታየ። አጥኚዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ትንሹ ውሻ ከቁመቱ በላይ ለመታየት ይሞክራል የሚል ነው። ሌላ ማብራሪያም አለ፤ ትልልቁ ውሻ የትንሹን ምልክት ደርቦ ለመሸፈን አንዳንዴ ዝቅ ማድረግ ይቸግረው ይሆናል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ትንሽ ውሻ በጣም ሲዘረጋ ያየ ሰው ይረዳኛል።

የዱር ዘመዶቻቸው ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርጉታል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሜች እና ሮጀር ፒተርስ በአሜሪካ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሚኒሶታ የተኩላ መንጋዎችን ዱካ በበረዶ ላይ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ጥናት አለ። እዚያ እግሩን አንስቶ የሚሸናው በመንጋው የበላይ የሆነው ወንድ ነው። ሌሎቹ ወንዶች አካላቸው አንድ ሆኖ ሳለ ቆመው ወይም ዝቅ ብለው ይሸናሉ። ምልክቱም በግዛታቸው ዳር ላይ ከመሃሉ ይልቅ ይበዛል። የእኛው ቀይ ቀበሮም በባሌ፣ ሳነቲ ላይ ድንበሩን እየዞረ በሽንት፣ በመቧጨርና በፋንድያ ምልክት ያደርጋል።

መቧጨር ካልኩ አይቀር፦ ውሻ ከሸና በኋላ በኋላ እግሩ አፈር ሲበትን ቆሻሻውን እየሸፈነ አይደለም፤ እሱ የድመት ሥራ ነው። ውሻው ሽንቱን ሳይነካ ከጎኑ ነው የሚቧጭረው። በመዳፉ መካከል ያለው ሽታ መሬቱ ላይ ይቀራል፣ ጭረቱም ከሩቅ ይታያል።

ስለ ሴቷ፦ ሴትም ምልክት ታኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃክ ራስል ቴሪየር በሚባል ዝርያ ሴት ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ከሠፈራቸው ወጣ ሲሉ ቶሎ ቶሎ እንደሚሸኑና ሽንታቸውንም ወደ አንድ ነገር አነጣጥረው እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ቁጢጥ ብሎ አንድ እግር ማንሳት ለሴት የተለመደ አቋቋም ነው። የናንተዋ በሩ ጋ ብቻ መሆኑን ተመልከቱ። በር ማለት የውጪ ውሾች የሚያሸቱበት፣ የግቢው ድንበር ነው። ደግሞ 9 ወሯ ነው፤ የመጀመሪያው የስሪያ ወቅቷ የሚደርስበት ዕድሜ። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሴት ውሻ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ደጋግማ መሽናት ታበዛለች። ብልቷ እብጥ ካለና ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካያችሁ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ከወንድ ለዩአት። ወንድሟም ወንድ ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ መኖሩን አትርሱ።

ባለ ሁለት ቡችላ

ሴት እግሯን ካነሳች የወንድ ሆርሞን በዝቶባታል ሲባል ሰምቻለሁ። የሆርሞን ምርመራ ነው የሚያስፈልጋት።

ቬት ከቢሾፍቱ

አያስፈልጋትም፤ ገንዘብ አታባክኑ። ይህ አነጋገር ግን ከአንድ እውነት የተቆነጠረ ስለሆነ ልዘርዝረው፤ የጎረቤትየው የማኮላሸት ምክርም መልሱ እዚሁ አለ።

የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮን በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ቡችላው በእናቱ ሆድ ሳለና በተወለደ ሰሞን ነው። የወንዱ ፍሬ ያን ጊዜ የሚያወጣው ሆርሞን አንጎሉን ለወደፊቱ የወንድ አቋቋም ያሰናዳዋል። ሁለተኛው ለአቅመ ስሪያ ሲደርስ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበረው ተመራማሪ ፍራንክ ቢች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በውሾች ላይ የሠራው ይህንን ነው። ከመወለዳቸው በፊትና በተወለዱ ሰሞን ቴስቶስትሮን የተሰጣቸው ሴቶች ሲያድጉ የወንድ አቋቋም አሳይተዋል። በአንጻሩ ሳይጎረምሱ የተኮላሹ ወንዶች ካደጉ በኋላ እግራቸውን ያነሳሉ። መስመሩ የተዘረጋው ገና በቡችላነት ስለሆነ ዘግይቶ የሚሠራ ቢላ አያጠፋውም።

እንግዲህ ጎረቤታችሁ የተናገሩት ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም። ማኮላሸት አቋቋሙን ባይከለክልም የምልክት ብዛቱን ይቀንሳል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች በ57 ወንድ ውሾች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት አለ፤ ከተኮላሹ በኋላ ሽንት መርጨት፣ ሌላው ላይ መውጣትና ከቤት ርቆ መዞር በ60 በመቶ ወይም ከዚያ በሚበልጡት ውሾች ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። ጨርሶ እንደ መተው የሚቆጠር፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቅናሽ የታየው ግን ከ25 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ብቻ ነው። ውጤቱ ከውሻው ዕድሜ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ስለዚህ «ሳይጀምር እንቅደመው» ብሎ መጣደፍ ትርጉም የለውም። ለሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ከእህቱ እንዳይወልድ ከሆነ፣ አዎ አስኮላሹት። ለበሩ ብረት ብላችሁ ግን አይሆንም።

ለሴቷም ኦፕራሲዮን ካሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ። የእንቁላል ከረጢት ሲወጣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ የሽንት ቱቦን የሚዘጋው ጡንቻ በአንዳንዶቹ ይላላል፤ ከ20 ኪሎ በላይ በሆኑት ይበዛል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ተኝታ የተነሳችበት ቦታ እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት ይህ ነው፤ ብልግና አይደለም፣ ለመቆጣጠርም መድኃኒት አለው። ይህን ስል ኦፕራሲዮኑን አታድርጉ ማለቴ አይደለም፤ ጥቅሙ ያመዝናል።

የግቢው ሰው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ምልክት ማኖርና በሽታን በዓይን እንዴት ነው የምንለየው? ሁለቱም «ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ» ነው። ክሊኒክ የሽንት ናሙና ቢሉን ከወንዱና ከሴቷ እንዴት ይወሰዳል? ሁለተኛ፣ የበሩ ቋሚ ብረት ታችኛው ክፍል ከውጭ በኩል በሠፈር ውሾች ምክንያት መዛግ ጀምሯል።

ቬት ከቢሾፍቱ

የመጀመሪያውን እኔ ልውሰድ።

የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ተመልከቱ፤ የሚለየው እሱ ነው። በአትላንታ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከ3 ኪሎ በላይ የሆኑ አጥቢ እንስሳት የሞላ ፊኛቸውን ባዶ ለማድረግ 21 ሰከንድ ገደማ እንደሚፈጅባቸው አሳይተዋል፤ ልዩነቱ ሲደመር ሲቀነስ 13 ሰከንድ ነው። ሌሊቱን ያደረ ውሻ ጠዋት ሲለቀቅ ሳይቋረጥ ለረጅም ሰከንዶች ከሸና፣ ከዚያ በየግንዱ ጠብ ጠብ ቢያደርግ ጤነኛ ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያው ራሱ በጠብታ ከሆነ፣ ቆሞ ካማጠ፣ ጀርባው ከጎበጠ፣ ሸንቶ ብልቱን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሽንቱ ከቀላ ወይም ከደፈረሰ በሽታ ነው።

ለሴቷ በብዛት የሚያሰጋው የፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ቱቦዋ አጭርና ሰፊ፣ መውጫዋም ለፊንጢጣ ቅርብ ስለሆነ ባክቴሪያው መንገዱ አጭር ነው። አሁን የምታደርገው በር ላይ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ በየደረሰችበት ከጀመረች ግን አስመርምሯት።

ወንዱን የሚያሰጋው መዘጋት ነው። በፊኛው የተፈጠረ ትንሽ ጠጠር ሰፊውን መንገድ አልፎ ይመጣና የብልቱ አጥንት መጀመሪያ ላይ ይቀረቀራል። ቦዩ አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ደጋግሞ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ሆዱ ከተወጠረ፣ ካስታወከ፣ እስከ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ክሊኒክ። በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ከተጠራቀመ ልቡን ያቆመዋል። እንዲህ በሆነበት ጊዜ ሁለት ነገር ሲደረግ አይቻለሁና አደራ፦ ሽንት የሚያስወርድ ኪኒን አትስጡት፣ የተዘጋውን ፊኛ የባሰ ይሞላዋል፤ ሆዱን አትጫኑት፣ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ዕድሜው ገፋ ሲል ደግሞ ያልተኮላሸ ወንድ ፕሮስቴቱ ያብጣል። ደም ከብልቱ ጠብ ሊል፣ ዓይነ ምድሩም ጠፍጠፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈው ምልክት አለ። ዕድሜ ልኩን እግሩን ሲያነሳ የኖረ ውሻ ማንሳት ትቶ ዘንበል ማለት ከጀመረ፣ ወይም ሁልጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ከመረጠ፣ ፊኛውን ሳይሆን ዳሌውን፣ ጉልበቱንና አከርካሪውን አስመርምሩ። እግር ለማንሳት አንዱ ዳሌ ወደ ጎን መከፈት፣ ሌላው ክብደቱን መሸከም አለበት፤ የሚያመው መገጣጠሚያ ይህን አይፈቅድም። ሼፐርድ የዳሌ ችግር የሚበዛበት ዝርያ ስለሆነ በእናንተው ልብ በሉት።

ሽንቱ በዝቶ ከሆነ ደግሞ ውሃውን ለኩ። ጤነኛ ውሻ በቀን በኪሎ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ይሸናል፤ 25 ኪሎ ቢሆን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር። የሚጠጣው በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ ማለትም ለ25 ኪሎ ውሻ ከ2 ሊትር ተኩል፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ናሙናው እንዲህ ይወሰዳል። ሁለቱንም ጠዋት፣ ከመለቀቃቸው በፊት፣ በአጭር ገመድ ያዙ። ጓንት አድርጉ፤ ሌፕቶስፓይራ የሚባለው ባክቴሪያ በውሻ ሽንት ወደ ሰው ይተላለፋል። ከወንዱ መቀበል ቀላል ነው፤ ረጅም እጀታ ባለው ንጹሕ ጭልፋ ከጎን ሆናችሁ፣ የመጀመሪያው ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ መሃሉን ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ሽንት ካመለጣችሁ ቀሪው ምልክት ብቻ ነው፣ ለናሙና አይበቃም። ከሴቷ ግን ጭልፋ አይገባም፣ ሥሩ ጠባብ ነው። ጠርዙ ዝቅ ያለ ሳህን ከኋላዋ ያዙና ቁጢጥ ብላ መሽናት ከጀመረች በኋላ በእርጋታ አስገቡት። ቀድማችሁ ካስገባችሁ ትነሳለች፣ ያን ቀን እንደገና እሺ ላትላችሁም ትችላለች። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ዕቃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የሽሮፕ መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ ስኳር ይቀርበታልና ውሻው የስኳር በሽተኛ ይመስላል። በበረኪና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ዕቃም በመመርመሪያው ወረቀት ላይ የሌለ ስኳርና ደም ያሳያል። ክሊኒኩ የሚሰጠውን ንጹሕ ኩባያ ተጠቀሙ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልደረሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ መቀመጡን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ቅዝቃዜ በሽንቱ ውስጥ ክሪስታል ይፈጥራልና። ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ ለማሳደግ ከተፈለገ ግን ከመሬት የተቀዳ አይሆንም፤ ሐኪሙ በመርፌ ከፊኛው በቀጥታ ይወስዳል።

አሰልጣኝ ሠፈራችን

በሩን በተመለከተ።

ዝገቱን የሚያፋጥነው በሽንቱ ውስጥ ያለው ጨው ነው። ውሃው ይደርቃል፣ ጨው ይቀራል፣ ቀለሙ በተሰነጠቀበት ይገባል። ውሾቹ ደግሞ የሚረጩት አንዱ የረጨበት ላይ ነው። ስለዚህ ሽታው ሳይጠፋ ቀለም ብቻ ብትቀቡ በሳምንቱ ይመለሳሉ።

መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱበት። በረኪና እንዳትጀምሩ፤ በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። የአሞኒያ ሽታ ያለውን የመስታወት ማጽጃም ተዉት፤ ለውሻ አፍንጫ የሽንት ጠረን ማደስ ነው የሚሆነው። ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም እንዳለው የተጻፈበትን ዱቄት ሳሙና 100 ግራሙን በ900 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። በጨርቅ ነክራችሁ ብረቱ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠቅልሉት፣ ከዚያ በውሃ አለቅልቁ፣ ይድረቅ። ከብረቱ ሥር ያለውን አፈርና ሲሚንቶም እንዲሁ እጠቡ፤ ሰዎች ብረቱን አጥበው መሬቱን ይረሱታል።

ሲደርቅ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት አውጡ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በላዩ የዘይት ቀለም። ከመሬት እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይበቃል፤ አብዛኛው የሠፈር ውሻ ከዚያ በላይ አይረጭም።

ወንዱ መጀመሩ አይቀርምና ለእሱ ከአሁኑ ቦታ አዘጋጁለት። የግቢው ጥግ ላይ፣ ከበሩና ከመኪና ማቆሚያው ራቅ ብሎ፣ አንድ ሜትር ያህል የሆነ የእንጨት ችካል ትከሉ፤ ቅርፊቱ ያልተላጠ ቢሆን ሽታ ይይዛል። የራሱን ሽንት የነካ ጨርቅ እሥሩ እሰሩበት። ጠዋት በገመድ ይዛችሁ በቀጥታ ወደዚያ ውሰዱት፣ ሸንቶ ሲጨርስ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ስጡት። ከሁለት ሦስት ሰከንድ ከዘገያችሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። በር ላይ ሊያነሳ ሲል ከያዛችሁት በድምፅ አቋርጡትና ወደ ችካሉ ውሰዱት። ከሸና በኋላ መምታትና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ሰው በሌለበት መሽናትን ብቻ ነው።

ሣር ካላችሁ የሴቷን ቦታም አስቡበት። ቁጢጥ ብላ ፊኛዋን ሙሉ አንድ ቦታ ስለምትደፋ ናይትሮጅኑ ሣሩን ያቃጥለዋል፤ ቢጫ ክብ፣ ዳሩ ከሌላው የጠቆረ አረንጓዴ ሆኖ ታዩታላችሁ። የወንዱ በየቦታው ስለሚረጭ ያን ያህል አይጎዳም። እንደሸናች ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ብታፈሱበት ይድናል፤ ከቢጫ በኋላ የሚፈስ ውሃ ግን አይመልሰውም፣ አፈሩን ነቅሎ እንደገና መትከል ነው።

የግቢው ሰው (ጠያቂ)

ችካሉን ነገ እንተክላለን። አንድ ብቻ፤ የመኪናው ጎማ ላይስ? እንግዳ በመጣ ቁጥር ሴቷ ሳትቀር ወደ ጎማው ነው የምትሮጠው።

ሽታ ተከታይ

የእንግዳ ጎማ የሌላ ሠፈር ሽታ ይዞ ነው የሚገባው፤ ቁመቱም ለአፍንጫ የተመቸ ነው። መኪናው ከመግባቱ በፊት ሁለቱን በገመድ ያዙ፣ ጎማው ላይ ባልዲ ውሃ ድፉ፣ ከዚያ ልቀቁአቸው። ማሽተታቸው አይቀርም፣ መርጨቱ ግን ይቀንሳል። ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የተረጨበትን በዚያው ቀን እጠቡት፣ ሽንት ካደረበት ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል።